የቤትዎ ራውተር ሁለት የይለፍ ቃል አለው

ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ሣጥን አለ። ራውተር ይባላል። ከውጭ የገባውን ኢንተርኔት ለስልኩ፣ ለላፕቶፑና ለቴሌቪዥኑ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ትዝ የሚለን መስመር ሲቋረጥ ብቻ ነው። ያኔም ነቅለን እንሰካዋለን፤ በቃ።

የምጽፈውን ሁሉ ያያል ወይ? አያይም። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ድረ ገጽ ሲከፍቱ ወይም በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሲጻጻፉ መልእክቱ ተመስጥሮ ይሄዳል። ማለትም መሀል ላይ ያለ ሰው ሊያነበው በማይችልበት መልክ ይቀየራል። ራውተሩ ግን እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ደብዳቤውን ባይከፍትም ከላይ የተጻፈውን አድራሻ ያያል። የትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ባንክ ወይም የትኛውን የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ እንደከፈተ ማወቅ ይችላል። ስልክዎ ደጅ ሲደርስ ራሱ ስለሚገናኝ፣ ቤት የሚገቡበት ሰዓትም አይሰወረውም።

ይህን ሁሉ ማን ሊያይ ይችላል? የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ የገባ ሰው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ የምንሰጠው የዋይፋዩ የይለፍ ቃል አንድ ነገር ነው፤ ሣጥኑን የሚያዘው የይለፍ ቃል ሌላ ነው። ሁለተኛውን ማንም አይነካውም። በብዙ ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ «አድሚን» የሚል ቃል ነው፤ ያንን ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው 60 ገደማ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ተራ በተራ በመሞከር ብቻ ነበር።

የገባው ሰው ማየት ብቻ ሳይሆን መቀየርም ይችላል። ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አለ፤ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር ማውጫ ማለት ነው። እሱን ከቀየረው፣ የባንክዎን ስም በትክክል ጽፈው ባንክዎን የሚመስል ሌላ ገጽ ሊከፈትልዎ ይችላል። ስለዚህ ስልክዎ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ካለዎት አይለፉት።

እንዴት ይቀየራል? ሣጥኑን ይገልብጡት። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኙ ቁጥሩን በስልክዎ ብሮውዘር ላይ ይጻፉና በወረቀቱ ላይ ባለው ስምና የይለፍ ቃል ይግቡ። መጀመሪያ የሣጥኑን፣ ቀጥሎ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። የደህንነት ዓይነት ሲጠየቁ ደብሊውፒኤ3ን ይምረጡ፤ ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ይበቃል። ደብሊውፒኤስ የሚል ካዩ ያጥፉት፤ በ8 አኃዝ ቁጥር የሚያስገባ አቋራጭ ነው፣ ቁጥሩም በሙከራ ሊገኝ ይችላል።

እዚያው የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይመልከቱ። የእርስዎ ስልክ፣ የልጅዎ ታብሌት፣ ቴሌቪዥኑ… ከዚያ የማን እንደሆነ የማያውቁት አንድ ስም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወጪ ተጋርተው በአንድ መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ አይገርምም። ራውተርዎ የእንግዳ መስመር ካለው ጎረቤትን በእሱ ያስገቡ፤ ከእርስዎ መሣሪያዎች ጋር አይገናኝም።

ስንት ያስወጣል? ምንም። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ግን የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ሲቀየር ሁሉም መሣሪያ ስለሚቋረጥ አንድ በአንድ እንደገና ማስገባት አለብዎት። አዲሱን ቃል ደብተር ላይ ቢጽፉት ነውር የለውም። ከረሱት ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው ሣጥኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ይቻላል። ይህ ግን አንዳንዴ የመስመሩን ማስተካከያም አብሮ ስለሚያጠፋ፣ ቴክኒሻን እስኪመጣ ያለ ኢንተርኔት ሊቀሩ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ከሚሸጥልዎ ድርጅት አይሰውርዎትም። ሣጥኑ የሚያየውን አድራሻ ድርጅቱም ያያል። እዚያ ላይ ያለዎት መከላከያ ሕግ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ እርስዎ ምን መረጃ እንደተያዘ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል።

ራውተሩን ሲሸጡ ወይም ለሰው ሲሰጡ ግን ያቺን ቀዳዳ ሳይጫኑ አይስጡ። የዋይፋይዎ የይለፍ ቃል ውስጡ ተቀምጧል።