የመዳቡ ጥይት “ያድናል”፤ ግን ማንን?

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቃ አገር ምድሩ “ዋልያዎቹ!” እያለ ጨፍሯል። ስሙን ያዋሰው ባለቤት ግን ኑሮው ከጎንደር በስተሰሜን፣ ደባርቅን አለፍ ብሎ፣ የሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ነው። ከዚያ ውጪ በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጠብመንጃ ፈጅቶት ከ150 እስከ 200 የሚሆን ብቻ ቀርቶ ነበር። ፓርኩ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዘገበ፤ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ ወጣ።

በውጪው ዓለም የአዳኞች ወሬ አሁን ስለ መዳብ አረር ነው። ይሄ መዳብ ከለበሰው የተለመደ ጥይት ይለያል። ያኛው ሆዱ እርሳስ ሲሆን ይሄኛው እስከ ውስጥ ድረስ መዳብ ነው። ባርነስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1989 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ስሙ ገንኗል።

ብቃቱስ? ሲመታ ጫፉ እንደ አበባ ይከፈታል፤ ክብደቱን ግን ከሞላ ጎደል እንደያዘ ዘልቆ ይገባል። እርሳሱ ግን ይበታተናል። በኤክስሬይ ሲታይ በአንድ ሬሳ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ፍርፋሪ ይገኛል።

መዳብም ድክመት አያጣም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን መዳብ 8.9 ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ አረር ተመርጦ በፍጥነት መተኮስ አለበት። ከሩቅ ተተኩሶ ፍጥነቱ ከቀነሰ ሳይከፈት እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል። የቆሰለው እንስሳ ገደል ገብቶ ይጠፋል።

ታዲያ ለምን ተፈለገ? በአሞራ ምክንያት ነው። ሬሳ የሚበላ አሞራ የእርሳሱን ፍርፋሪ ከሥጋው ጋር ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል፤ ይመረዛል። የካሊፎርኒያው ኮንዶር በ1987 27 ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬም ዋነኛ ገዳዩ እርሳስ ነው። ግዛቲቱ ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። በሰሜን ሰማይም አጥንት ከላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላ ትልቅ አሞራ አለ። እርሳስ የተበተነበት ሬሳ ካገኘ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

ለዋልያው ግን ጨዋታው ሌላ ነው። እሱን ማደን በሕግ ክልክል ነው። የጥይቱ ሆድ መዳብ ሆነ እርሳስ፣ ለተኳሹ ቀጥታ ቀይ ካርድ! የመዳቡ ጥይት አሞራውን ሊያድን ይችላል። ዋልያውን የሚያድነው ግን ጭራሽ ያልተተኮሰው ነው።