እሳትና ውሃ የቆፈሩት ሐይቅ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተንጣሎ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን እስከ 87 ሜትር ይደርሳል። የጣናን ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ጉድጓድ በሜዳ መሃል ማን ቆፈረው?

ቅዳሜ ወይም እሑድ ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ በልቶ፣ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ደስ የሚል ውሎ ነው። ግን የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ልጆቻችን ስለ እሳተ ገሞራ በትምህርት ቤት ሲማሩ የጃፓንና የጣሊያን ጉዳይ ይመስላቸዋል። ከቤታቸው በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ሐይቆች እንዳሉ፣ ዓሣውንም የበሉት በአንዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው እንደሆነ ሳይነገራቸው ያድጋሉ።

ለመንገር ደግሞ ሐይቁ ጋ እስኪደረስ መጠበቅ አያስፈልግም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ ስስ የሆነውን ዓይነት፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የአዲስ አበባ መሃል ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መኪናው አቃቂንና ዱከምን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ከበላይ ያለው አየር እየበዛ፣ ግፊቱም እየጨመረ ይሄዳል። ጠርሙሱ ውስጥ የታሸገው ግን የአዲስ አበባ አየር ነው። የውጪው ግፊት ስለሚያይልበት የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ልዩነቱ ከመቶ አምስት ወይም ስድስት እጅ ብቻ ስለሆነ ትኩር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር አካባቢ የተዘጋ ጠርሙስ ከሆነ ግን ቢሾፍቱ ሲደርስ ጭምድድ ብሎ ይገኛል። ክዳኑ ሲፈታ አየር ስቦ ቀጥ ሲል ያየ ልጅ መንገድ ላይ ጆሮው ለምን እንደተደፈነ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ጃኬቱ የሚወልቀውም በዚሁ ቁልቁለት ምክንያት ነው፤ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በሦስት ዲግሪ ያህል ትሞቃለች።

ከዱከም ወዲያ መሬቱ ይዘረጋል። ግራና ቀኙ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር የሚበቅልበት ጥቁር መረሬ ነው። ከሜዳው መሃል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ኮረብታዎች ብቅ ይላሉ። የአንዳንዶቹ ጎን በቁፋሮ ተበልቶ ቀይና ጥቁር ጠጠር ይታያል፤ የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ የሚሉት ነው። አንዱን አንሥቶ ለልጅ ማስያዝ ጥሩ ነው። ከመጠኑ ይልቅ ክብደቱ ያንሳል፤ መላ አካሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። ቀዳዳዎቹ ቅልጡ አለት ከምድር ውስጥ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ጋዝ የተንተከተከባቸው ናቸው። ቅልጡ ወደ ላይ ተረጨ፣ አየር ላይ ቀዘቀዘ፣ በመውጫው ዙሪያ ወድቆ ተከመረ፤ ኮረብታ ሆነ።

ኮረብታውም ሐይቁም የአንድ ዓይነት ቅልጥ አለት ልጆች ናቸው። አንዱን ጉብታ፣ ሌላውን ጉድጓድ ያደረገው የውሃ መኖርና አለመኖር ነው። በደረቅ መሬት በኩል ያለፈው ቅልጥ ኮረብታ ሠራ። የከርሰ ምድር ውሃ ያገኘው ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በጋለ ዘይት ላይ የውሃ ጠብታ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ሳምቡሳ የጠበሰ ሁሉ ያውቃል፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ዘይቱን ይዞ ይፈናጠራል። እዚህ በዘይቱ ፋንታ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ቅልጥ አለት፣ በጠብታው ፋንታ በአለት ንብርብር ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነበረ። ውሃ በተራ የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚይዘው ቦታ ወደ 1,700 እጥፍ ያድጋል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ደግሞ ከላዩ ያለውን አለት ሰባብሮ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ፍንዳታው አንዴ ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ቅልጥ በመጣ፣ አዲስ ውሃ በሰረገ ቁጥር እየተደጋገመ መሬቱን ወደ ታች ቆፈረው። ቅልጡ ሲያልቅ ፍንዳታው ቆመ። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴና ቂሎሌ እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። ኩሪፍቱ ግን ከእነዚህ አይቆጠርም፤ ሰው ሠራሽ ነው።

ማስረጃው በሐይቆቹ አፋፍ ላይ በግልጽ ይነበባል። ወደ ውሃው የሚወርደው መንገድ ገደሉን በቆረጠበት ቦታ ግድግዳውን ቀርቦ ማየት ነው። ግራጫና ቡናማ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል፤ ጣት የማይሞሉ ስሶች አሉ፣ ስንዝር የሚያክሉ ወፍራሞችም አሉ። በጣት ሲነኩ አንዳንዱ እንደ ዱቄት ይልማል፣ አንዳንዱ ይሻክራል። ከፍንዳታው የወጣው አመድና ስብርባሪ እየተነጠፈ የሠራቸው ናቸው። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ የሚፈልጉት አንድ ምልክት አለ፤ ከሥሩ ያሉት መስመሮች ወደ ታች የጎበጡለት ድንጋይ። ያ ድንጋይ በወንዝ ተንከባሎ የመጣ አይደለም። ከሰማይ ወርዶ ገና ባልጠጠረ አመድ ላይ ሲያርፍ ነው መስመሮቹን ያጎበጣቸው። ልጆችን “እስቲ ማን ያገኘዋል?” ብሎ ማሰማራት ነው።

የእህቴ ልጅ አፋፉ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ ቆየችና፣ “አጎቴ፣ ወንዝ አይገባበትም እኮ፤ ታዲያ ማን ሞላው?” አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። መልሱ በከፊል ዝናብ ነው፤ በከፊል ደግሞ ያው ፍንዳታውን የቀሰቀሰው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጉድጓዱ ከውሃው ወለል በታች ስለወረደ ውሃው ከግድግዳው እየሰረገ ገባበት።

ሐይቆቹንና ኮረብታዎቹን በካርታ ላይ ያየ ሰው እንዲሁ አለመበተናቸውን ይገነዘባል። አብዛኞቹ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚሄዱ መስመሮች ላይ ናቸው። መስመሮቹ የምድር ስንጥቆች ናቸው። ቢሾፍቱ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናት። ሸለቆውም በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው፤ ቅልጡ ሽቅብ የሚወጣው በእነዚህ ስንጥቆች ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ልጆች አልጋቸው ሲወዛወዝ የተሰማቸው ከፈንታሌ አካባቢ በመጣ መንቀጥቀጥ ነበር። ተመራማሪዎች ያንን መንቀጥቀጥ ቅልጥ አለት በምድር ውስጥ ስንጥቅ ተከትሎ ከመጓዙ ጋር አያይዘውታል። ፈንታሌም ቢሾፍቱም በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ሥርዓት ውስጥ ናቸው። በዚያ ሌሊት ለፈራ ልጅ ይህንን ቦታው ላይ ቆሞ ማስረዳት ፍርሃቱን ወደ ማወቅ ይለውጥለታል ብዬ አምናለሁ።

ጉድጓዱ ጥልቅና ገደሉ ዙሪያውን የከበበው መሆኑ የውሃውንም ጠባይ ወስኖታል። ነፋስ እንደ ልብ አያገኘውም። ፀሐይ የምታሞቀው የላዩን ውሃ ነው፤ የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀራል፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህ እንዴት ይበቃል ቢባል፣ ውሃ ሞቅ ባለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚያሳየው የክብደት ለውጥ ይጨምራል። ከ20 ወደ 21 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልለው ከ5 ወደ 6 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚቀልለው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በአውሮፓ ቀዝቃዛ ሐይቆች ከቁም ነገር የማይገባ ልዩነት እዚህ ውሃውን ለወራት ለሁለት ከፍሎ ያቆያል። የታችኛው ውሃ ከአየር ጋር ስለማይገናኝ ኦክስጅኑ ያልቃል። ከላይ የሚወርደው ብስባሽ ሲፈርስ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀምበታል።

ታኅሣሥና ጥር ሲመጡ ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የላዩ ውሃ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ቀዝቅዞ፣ ከብዶ ይሰምጣል፤ የታችኛውም ይነሣል። ሐይቁ ይደባለቃል። ያን ጊዜ ዓሦቹ በድንገት ኦክስጅን ያጣሉ፤ በአንዳንድ ዓመት ጠዋት ላይ ዳርቻው በሞተ ዓሣ ተሸፍኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መርዝ ነው፤ መርምሮ ማጣራት ይገባል፣ ግን ብርዱ ብቻውንም ይበቃል። በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነዚህን ሐይቆች ጥልቀት፣ ሙቀትና ኬሚካል ለክተው ይህንን መደራረብና መደባለቅ ጽፈዋል።

ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በትክክል ነው። ውሃው ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ጥቂት ፍጥረት ብቻ ይችለዋል። ከቻሉት አንዷ ስፒሩሊና ናት፤ በዓይን የማትታይ፣ እንደ ክር የተጠማዘዘች ሳይኖባክቴሪያ። ፍላሚንጎ የሚወደው ምግብ እርሷ ናት፤ የላባው ሮዝ ቀለምም ከሚበላው የሚመጣ ነው። ቂሎሌም ድሮ እንዲሁ ሶዳ የበዛበትና አረንጓዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ ሲገባበት ሶዳው ሳሳ፣ ስፒሩሊናዋም ሥፍራዋን ለሌሎች ለቀቀች። የአንድ ቦይ ሥራ የሐይቅን ጠባይ በጥቂት ዓመታት ለወጠ። ዛሬ በሐይቆቹ ዙሪያ ስለሚደረገው ግንባታና ወደ ውሃው ስለሚወርደው ፍሳሽ ስናስብ ቂሎሌን ባንረሳ እወዳለሁ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የጉድጓዱ ግድግዳ ውሃው ሥርም ይቀጥላል። ከዳር ጥቂት እርምጃ ገባ ያለ ልጅ ድንገት እግሩ መሬት ሊያጣ ይችላል። ዋና የሚችል አዋቂ ሳይኖር ልጅን ወደ ውሃው ማስጠጋት አይገባም።

ሌላው፣ አፋፉን ለማየት ሁልጊዜ መክፈል እንደሌለብን ነው የማምነው። የሐይቆቹ ዙሪያ ብዙው በሆቴልና በሎጅ አጥር ተይዟል። ምሳ መግዛት የማይችል ቤተሰብም፣ በአውቶብስ የመጡ ተማሪዎችም የሚቆሙበት ነጻ መመልከቻ ያስፈልጋል፤ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳ ሰሌዳም ቢኖረው። ሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልቅ ለኢሬቻ ሕዝብ ተሰብስቦ ምስጋና ያቀርባል፤ ቦታው የሁሉም መሆኑ ከዚያ በላይ ማስረጃ አይሻም።

ጊዜ የተረፈው ቤተሰብ በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለ ቀን ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢያይ ዝቋላን ያገኘዋል። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ብቸኛ ተራራ ነው፤ አናቱ ላይም ሐይቅ አለው፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም አጠገቡ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ሜዳው ተቆፍሮ የወጡ ናቸው፤ ዝቋላ ግን ቅልጥ በቅልጥ ላይ ተደራርቦ ሽቅብ ያደገ፣ በኋላም አናቱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውሃ ያጠራቀመ እሳተ ገሞራ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ ግን መጣደፍ ይሆናል፤ ለዝቋላ ሌላ ቅዳሜ ይዞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ መነሣት ይሻላል።