ዛሬ ነገ ማለት፦ ሽሽት እንዴት ልማድ ይሆናል?

በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት የአንድን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የጎበኘ ሰው መቀመጫ የመምረጥ ዕድል አለው። የማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ ግን መምረጥ ቀርቶ ማግኘትም ይቸግራል፤ ወንበር ከንጋት ጀምሮ በደብተር ይያዛል፣ የመኝታ ክፍሎች መብራት አይጠፋም፣ ቡና የማይወደውም ይጠጣል። በሁለቱ ወቅቶች መካከል ተማሪው አልተለወጠም፤ የኮርሶቹም ብዛት ያው ነው። የተለወጠው በተማሪውና በፈተናው መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ብቻ ነው። ለመሆኑ ርቀት ብቻውን የሰውን ውሳኔ ይህን ያህል የሚገለብጠው ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ ያለን መልስ «ስንፍና» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ሰነፍና ዛሬ ነገ የሚል ሰው አንድ አይደሉም። ሰነፍ ሥራውን አይፈልገውም፤ ባለመሥራቱም እንቅልፍ አያጣም። ዛሬ ነገ የሚለው ግን ሥራውን ይፈልገዋል፣ ሊሠራውም ወስኗል፣ ባዘገየ መጠን እንደሚጎዳም ያውቃል፤ እያወቀ ያዘገያል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ፒርስ ስቲል ቀደም ብለው የታተሙ በርካታ ጥናቶችን በአንድነት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ሰፊ ጽሑፍ የተጠቀመበት ትርጓሜ ይህንኑ ነጥብ የያዘ ነው። በዚሁ ሥራ እንደተመለከተው ከዚህ ጠባይ ጋር ጠንካራ ዝምድና ያላቸው የሥራው አስጠሊነት፣ የውጤቱ መራቅ፣ «አልችለውም» የሚል ስሜትና ግብታዊነት ናቸው። ፍጹም ሆኖ ካልተሠራ የማይረካ ጠባይ ግን ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። «እኔ ነገር በደንብ ካልተሟላልኝ አልጀምርም» የሚለው የተለመደ ማመካኛችን በዚህ ጥናት ብዙ ድጋፍ አላገኘም ማለት ነው።

መዘግየት ሁሉ ግን ሽሽት አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች መለወጥ የሚያስብበትን የመጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር የከፈተው በ1837 ሲሆን፣ በ1844 ሐሳቡን በረዥም ጽሑፍ አስፍሮት ነበር። መጽሐፉ ግን የታተመው በ1859 ነው። በመካከሉ ከ1846 እስከ 1854 ድረስ በዓለትና በመርከብ ላይ የሚጣበቁትን ባርናክል የተባሉ የባሕር እንስሳት ሲያጠና ቆየ። ዘመኑን ፈርቶ ሥራውን ደበቀው የሚለው ትረካ ለረዥም ጊዜ ሲነገር ቢኖርም፣ የታሪክ ተመራማሪው ጆን ቫን ዋይ በ2007 ባሳተመው ጥናት ዳርዊን የጀመራቸውን ሌሎች ሥራዎች በተራ እየፈጸመ እንደነበር በመጥቀስ ትረካውን ተከራክሯል። አንድን ሥራ በዕቅድ ወደ ኋላ ማቆየትና ከእርሱ መሸሽ ከውጭ ለሚያይ ሰው ይመሳሰላሉ።

የርቀት ሂሳብ

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆርጅ ኤንስሊ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ጽሑፍ እንዳስረዳው ሰውም ሆነ እንስሳ የራቀውን ጥቅም ከእውነተኛ ዋጋው አሳንሶ ይገምታል። የሚያስገርመው መቀነሱ ሳይሆን የመቀነሱ መልክ ነው። ዋጋው ከዛሬ ትንሽ ፈቀቅ ሲል በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። ነገሩን በቁጥር ለማየት የሚከተለውን ቀላል ቀመር እንውሰድ፦ የሚሰማን ዋጋ = ጥቅሙ ÷ (1 + 0.1 × የቀን ርቀት)። 0.1 የተባለው ቁጥር ለምሳሌ ያህል ብቻ የተመረጠ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል።

የፈተናው ጥቅም 100፣ ከጓደኞች ጋር የሚያሳልፉት የቅዳሜ ምሽት ደስታ ደግሞ 30 ነው እንበል። ቅዳሜ ከዛሬ 7 ቀን፣ ፈተናው 37 ቀን ይርቃሉ። ዛሬ ሆነን ስናስብ የምሽቱ ዋጋ 30 ÷ 1.7፣ ማለትም 17.6 ያህል ነው፤ የፈተናው ደግሞ 100 ÷ 4.7፣ ማለትም 21.3 ያህል። ጥናት ስለሚበልጥ «ቅዳሜ አጠናለሁ» ብለን ከልብ እንወስናለን። ቅዳሜ ሲደርስ የምሽቱ ርቀት ዜሮ ስለሚሆን ዋጋው ሙሉ 30 ይሆናል፤ ፈተናው ግን ገና 30 ቀን ስለሚቀረው 25 ብቻ ነው። ውሳኔው ተገለበጠ። ሳምንቱን ሙሉ አዲስ መረጃ አልመጣም፣ የማንም ጠባይ አልተበላሸም። ያንኑ ቀመር ይዞ የቀጠለ አንባቢ ፈተናው ምሽቱን ማሸነፍ የሚጀምረው ወደ 23 ቀን ገደማ ሲቀረው መሆኑን ያገኛል። የቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች የሚሞሉትም ያን ጊዜ ነው።

እፎይታ የሚያስተምረው ትምህርት

ሂሳቡ ግን ሁሉን አያስረዳም። የመመረቂያ ጽሑፉን የሸሸ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ደስታ አይደለም፤ ክፍሉን ይጠርጋል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ያነበበውን ጋዜጣ ደግሞ ያነባል። የሚፈልገው ከሥራው መራቅን ነው። ይህን ለመረዳት የሥነ ልቦና ሊቁ ሆባርት ማውረር እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ባለ ሁለት እርከን ንድፈ ሐሳብ አሁንም ይጠቅማል። በመጀመሪያው እርከን አንድ ምልክት ከሕመም ጋር ይያያዛል፤ በሁለተኛው ደግሞ ከምልክቱ መሸሽ ፍርሃቱን ስለሚያበርድ እፎይታው ራሱ ሽሽቱን ይሸልማል።

ሪቻርድ ሰለሞንና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን በውሾች ላይ ፈትሸዋል። ሁለት ክፍል ባለው ሳጥን ውስጥ ያለ ውሻ ምልክት ከተሰጠው በኋላ በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሌላው ክፍል ካልዘለለ በኤሌክትሪክ ይመታ ነበር። (ይህን የመሰለ ሙከራ ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቅዳል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።) ውሾቹ መዝለልን ቶሎ ተማሩ። ከዚያም አጥኚዎቹ ኤሌክትሪኩን ፈጽመው አቋረጡት። ሆኖም ውሾቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሙከራዎች መዝለላቸውን ቀጠሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁልጊዜ ስለሚዘሉ አደጋው መቅረቱን የሚያውቁበት አጋጣሚ አልነበራቸውም። በአማካሪው የተተቸውን ምዕራፍ ለሁለት ወር ያልከፈተ ተማሪም ትችቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታረም መሆን አለመሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እፎይታው ሐሰተኛ እንዳልሆነ መካድ አይገባም። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ሥራቸውን የሚያዘገዩ ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀትና ያነሰ ሕመም እንደነበራቸው ታይቷል። በመጨረሻ ግን ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ከሌሎቹ በለጠ፤ በድምሩ ሲታይ የበለጠ የታመሙት እነርሱው ነበሩ፤ ውጤታቸውም ዝቅተኛ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ ነው።

መውጫው ወዴት ነው?

«ጠንክር» የሚለው ምክር ከላይ ያየነውን ቀመር አይለውጥም። ሽሽትን በተመለከተ ከእንስሳት ሙከራዎች የተገኘው ትምህርት ግን የታወቀ ነው፤ ማምለጫው ተዘግቶ እንስሳው ምልክቱ ባለበት እንዲቆይ ሲደረግ የመሸሽ ልማዱ በቶሎ ይዳከማል። ለተማሪው ይህ ማለት ምዕራፉን መጨረስ ሳይሆን መክፈትና ለጥቂት ደቂቃ ከፊቱ አለመነሣት ነው።

ለመክፈቱ ደግሞ ጊዜና ቦታ አስቀድሞ መወሰን ከሚታሰበው በላይ ይረዳል። ፒተር ጎልዊትዘርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ የሚገልጽ ጽሑፍ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲልኩ፣ እንዲህ እንዲወስኑ ካልተጠየቁት የላኩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ የነገውን ራስ ዛሬ ማሰር ነው። ኤንስሊ በ1974 ባሳተመው ሙከራ ከእርግቦቹ ጥቂቶቹ በኋላ የሚመጣውን ፈተና አስቀድሞ የሚዘጋ ቁልፍ መንቆርን ተምረው ነበር። እኛ ደግሞ ከእርግብ መማር ሳያስፈልገን ደቦና እቁብ አለን። ጠላ ጠምቆ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ቀን የቆረጠ ገበሬ አጨዳውን «ነገ» ሊል አይችልም። እቁብተኛውም ብቻውን ቢሆን የሚበትነውን ገንዘብ በዳኛው ፊት በዕለቱ ይጥላል፤ ሜሪ ኬይ ጉገርቲ በምዕራብ ኬንያ ተመሳሳይ ማኅበራትን አጥንታ በ2007 ያሳተመችው ጽሑፍም ሰዎች በእነዚህ ማኅበራት የሚገቡት አንዱ ምክንያት ብቻቸውን መቆጠብ ስለሚቸግራቸው መሆኑን ያመለክታል። የመመረቂያ ጽሑፍን በየሳምንቱ ለሦስት ጓደኛሞች በተራ ማንበብ የደቦ ዘመድ ነው፤ በየትምህርት ክፍሉ ቢለመድ ወጪ የለውም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን ከወደቁ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ማይክል ዎል፣ ቲሞቲ ፒቺልና ሻነን ቤኔት በካናዳ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 እንደዘገቡት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናትን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሁለተኛው ፈተና ያዘገዩት በመጠኑ ነው። ጸጸት ሲከማች ደብተሩ ራሱ የሕመም ምልክት ይሆናልና ግኝቱ ከማውረር ሐሳብ ጋር ይስማማል። ለሁለት ወር የጠፋ ተማሪ የአማካሪውን ቢሮ ባለበት ኮሪደር ማለፍ ትቶ በሌላ ደረጃ ይወጣል። አንድ ቀን በድንገት ሲገናኙ መምህሩ «የት ጠፍተህ ነው?» ብለው ቢጀምሩ ቀጣዩ ደረጃ ይረዝማል፤ «እስካሁን ያለህን ሁለት ገጽ ሐሙስ ይዘህልኝ ና» ቢሉት ግን ተማሪው ሐሙስ የሚሄድበት ቦታ አለው።