የኮምፒውተር ጥገና፣ ድጋፍና አወጋገድ በአነስተኛ ድርጅቶች

የኮምፒውተር ጥገና ኮምፒውተርንና ተያያዥ ዕቃዎቹን በሥራ ላይ ለማቆየት፣ ሲበላሹም ወደ ሥራ ለመመለስ የሚከናወን ተግባር ነው። ድጋፍ ደግሞ ተጠቃሚው ሲቸገር የሚሰጠው እርዳታ ነው። አወጋገድ የሚባለው ዕቃው ከአገልግሎት ሲወጣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍን፣ ፈታቶ ጥሬ ዕቃውን መልሶ መጠቀምን ወይም በጥንቃቄ ማስወገድን ያጠቃልላል። በትልልቅ ድርጅቶች እነዚህን ሥራዎች የሚሠራ የአይቲ ክፍል አለ። ሁለት ወይም አምስት ኮምፒውተር ባለው ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ፎቶ ቤት ወይም የሂሳብ ቢሮ ግን ኃላፊነቱ በጸሐፊዋ፣ በባለቤቱ ዘመድና ሲቸግር በሚጠራ ጠጋኝ መካከል ይወድቃል። ዕቃው ራሱ ከገበያ ሊተካ ይችላል። በውስጡ ያለው የደንበኛ መዝገብና የሂሳብ ፋይል ግን ቅጂ ከሌለው አይተካም። ስለዚህ ዕቃው ከተገዛበት ቀን እስከሚጣልበት ቀን ድረስ ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው መረጃው ነው።

የብልሽት መነሻዎች

ከተለመዱት የብልሽት መነሻዎች መካከል አቧራ፣ ሙቀትና የተዛባ የኤሌክትሪክ ኃይል ይገኛሉ። በአገራችን በተለምዶ «ሲፒዩ» የሚባለው ሳጥን በውስጡ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ሃርድ ዲስክና ፓወር ሰፕላይ የያዘ ነው (በትክክለኛ አጠራሩ ሲፒዩ የሚባለው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው)። የሳጥኑ ፋን አየር ሲስብ አቧራውንም አብሮ ይስባል። አቧራው ከፕሮሰሰሩ በላይ ባለው ሙቀት አስወጋጅ ብረት ክንፎች መካከል ሲጋገር አየር ማለፍ ያቅተዋል፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም በድንገት ይጠፋል። ባለቤቱ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ሊገዛ ያስባል፤ የሚያስፈልገው ግን ጽዳት ሊሆን ይችላል። ጽዳቱ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ በብሎወርና በለስላሳ ብሩሽ ይከናወናል። በዚያን ጊዜ ፋኑ በነፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ይገባል፤ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት የመሽከርከሪያውን እምብርት ይጎዳል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት ከደረቀም በአዲስ ይተካል።

በኢትዮጵያ የመስመሩ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ለአፍታ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬት መንቀል በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡ ቆየት ያሉ ዴስክቶፖች የተለየ አደጋ አላቸው። በአንዳንዶቹ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይገኛል። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ ዕቃው በአገራችን ሶኬት ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ከመሰካት በፊት በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ በቂ ነው። «ከ100 እስከ 240» የሚሉት ግን ሁለቱንም መስመር ይቀበላሉ።

ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። በውስጡ ያለው ባትሪ እንደ መኪና ባትሪ ከእርሳስና ከአሲድ የተሠራ በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። የደከመ ባትሪ የያዘ ዩፒኤስ መብራቱ በርቶ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ መሞቱ የሚታወቀው መብራት በጠፋበት ቅጽበት ነው። ሌዘር ፕሪንተርን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ መሰካትም አይመከርም፤ ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል።

ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚታከመው ሌላው ብልሽት የሲሞስ ባትሪ ማለቅ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱን ታስቆጥራለች። ስታልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል። ደረሰኝ በተሳሳተ ቀን ይታተማል፤ ድረ ገጾችም የደህንነት ማረጋገጫቸው ጊዜ የተዛባ ስለሚመስል አንከፍትም ይላሉ። መድኃኒቱ በጥቂት ብር የምትገዛ ባትሪ ናት። ምክንያቱን ያልመረመረ ጠጋኝ ግን ችግሩን ቫይረስ ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደርገዋል። ፎርማት ማድረግ ለጠጋኙ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለደንበኛው ግን ቅጂ ያልተያዘለትን ሁሉ ይወስድበታል። ጥሩ ጠጋኝ የሚታወቀው ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት «ፋይልህ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ?» ብሎ በመጠየቁ ነው።

የሶፍትዌር ጥገናና ዝመና

ሶፍትዌር በየጊዜው ስህተት ስለሚገኝበት አምራቾች ማስተካከያ ይለቃሉ። ማስተካከያ አለመጫን የሚያስከትለውን ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በግልጽ አሳይቷል። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚዘጋውን ማስተካከያ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ለቅቆ ነበር፤ ጥቃቱ የተሰራጨው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በግንቦት ነው። ማስተካከያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ተቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ተጠየቁ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። ያለ ፈቃድ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ዝመናው ሆን ተብሎ ስለሚዘጋ፣ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ቢሮዎች በራቸውን ክፍት እንደተዉ ይቆጠራል።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ በደህና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። ለእነዚህ አንዱ መንገድ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሥርዓት መጫን ነው፤ ለጽሕፈት፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት ይበቃል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ድርጅቱ በዊንዶውስ ብቻ በሚሠራ የሂሳብ ፕሮግራም የሚገለገል ከሆነ ግን ይህ መፍትሔ አይሠራለትም።

የድጋፍ ዓይነቶች

አነስተኛ ድርጅት ድጋፍ የሚያገኘው ብልሽት ሲያጋጥም ጠጋኝ በመጥራት፣ በወር ወይም በዓመት ውል፣ ወይም ከርቀት እንደ ኤኒዴስክ ባሉ ፕሮግራሞች ነው። በጥሪ የሚሠራው ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍያው ከብልሽት ጋር ስለተያያዘ ብልሽትን ለመከላከል የሚያነሳሳ ነገር የለውም። በውል ሲሠራ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ፣ መለዋወጫ ማን እንደሚገዛና የይለፍ ቃሎቹ በማን እጅ እንደሚቀመጡ በጽሑፍ መስፈር አለበት። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል። የራውተሩን፣ የኢሜይሉንና የሂሳብ ፕሮግራሙን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ጠጋኙ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ስልክ ባላነሳ ቀን ድርጅቱ የራሱን ቤት ቁልፍ ያጣል።

በኢትዮጵያ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ (ካሽ ሬጅስተር) ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። መሣሪያው በግብር አስከባሪው ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ማንኛውም ጠጋኝ ሊከፍተው አይችልም፤ የሚጠገነው ፈቃድ ባለው የአገልግሎት ማዕከል ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ

ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ዘንድ በስፋት የታወቀ ነው፤ አምራቹ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረው በኋላም ብዙዎች በቀድሞ ስሙ ይጠሩታል። የዓመታት ሂሳብ በሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ባለ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል። የግብር ሕጉ መዛግብት ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲያዙ ስለሚያስገድድ፣ የዲስኩ መበላሸት ከሥራ መስተጓጎል አልፎ ከግብር ቢሮ ጋር የሚያነጋግር ጉዳይ ይሆናል።

በዓለም ላይ የታወቀው ደንብ «3፣ 2፣ 1» ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚቆይ ፍላሽ እንደ ቅጂ አይቆጠርም፤ ሌባም ሆነ እሳት ሁለቱንም አብሮ ይወስዳል፣ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም አይለያቸውም። ቅጂው ተመልሶ መከፈቱንም አልፎ አልፎ መሞከር ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስክ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት ይሻላል፤ ደጋግሞ ማስነሳት ሊድን የሚችለውን መረጃ ያጠፋል።

መረጃን ከአሮጌ ዕቃ ማጥፋት

ፋይል «ዲሊት» ሲደረግ ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው የፋይሉን አድራሻ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ይቆያል። ፈጣን ፎርማትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሲምሰን ጋርፊንክልና አብሂ ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተማሪዎች ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው ይህንን ፈትሸዋል። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ውስጥ በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ላይ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የግል ደብዳቤዎች ተገኙ፤ አንዱም ከባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን የወጣ ይመስል ነበር።

ፎቶ ኮፒ ማሽንም ይረሳል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች የሚያባዙትን ሰነድ የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክ አላቸው። በአሜሪካ አፊኒቲ የተባለ የጤና መድን ድርጅት በኪራይ የያዛቸውን ማሽኖች ዲስካቸውን ሳያጸዳ በመመለሱ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታ ሆኗል።

በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ሁሉንም ቦታ አንድ ጊዜ በሌላ ነገር መሸፈን ይበቃል፤ ሠላሳ አምስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል የሚለው አባባል ለዛሬ ዲስኮች አይሠራም። ኤስኤስዲ ግን መረጃውን ራሱ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ በመሸፈን ብቻ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም፤ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ወይም ከመጀመሪያው በምስጢር ቁልፍ ዘግቶ መሥራት ይሻላል። የማይሠራ ዲስክ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ወይም በመዶሻ ተሰብሮ ይወገዳል።

መልሶ አጠቃቀም

አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሁሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና በፋብሪካ ሳለ ነው። ስለዚህ ለአካባቢ የሚበጀው የመጀመሪያው እርምጃ ዕቃውን ማቆየት ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና ራም መጨመር የዘገመ ኮምፒውተርን ለተጨማሪ ዓመታት ያሠራል። ለቢሮው የማይመጥነው ለትምህርት ቤት ሊሰጥ፣ የማይነሳውም ለመለዋወጫ ሊፈታ ይችላል።

ከዚህ ያለፈው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይባላል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን ተመርቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። የሰርኪዩት ሰሌዳ መዳብ፣ ብር፣ ፓላዲየምና ወርቅ ይይዛል፤ በአንድ ቶን ሰሌዳ ውስጥ ያለው ወርቅ በአንድ ቶን የወርቅ ማዕድን አፈር ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚሁ ጋር በአሮጌ ባለ ቱቦ ሞኒተር መስታወት እርሳስ፣ በቆዩ ጠፍጣፋ ስክሪኖች መብራት ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይገኛል። ሽቦን በእሳት ማቃጠል ወይም ሰሌዳን በአሲድ ማጠብ ብረቱን ያወጣል፤ መርዙ ግን ወደ ሠራተኛው ሳንባና ወደ አፈር ይገባል። ወርቁን በንጽሕና የሚያወጡት እንደ ቤልጂጉ ዩሚኮር ያሉ ጥቂት ትልልቅ ማቅለጫዎች ናቸው።

በአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃን ከቤት ወደ ገበያ የሚያደርሱት ቆራሌዎች ናቸው፤ መጠሪያቸው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪያቸው እንደመጣ ይነገራል። ብረቱ፣ መዳቡና ፕላስቲኩ በእነሱ በኩል መርካቶ ይደርሳል፣ በምናለሽ ተራም ወደ ሌላ ዕቃ ይለወጣል። ይህ ሰንሰለት ብዙ ዕቃ ከቆሻሻ ክምር ያድናል፤ የሚገዛው ግን ዋጋ ያለውን ክፍል ስለሆነ የሞኒተር መስታወትና ያበጠ ባትሪ የሚወስድ አያገኙም። ያረጁ ኮምፒውተሮች በእጅ ተፈታተው የሚለዩበት ማዕከል በአቃቂ ቃሊቲ ተቋቁሟል።

ኢትዮጵያ የአደገኛ ቆሻሻን ዝውውር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስምምነቱ መሠረት አደገኛ ያልሆነ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንኳ ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። የሚሠራ ያገለገለ ኮምፒውተር ቆሻሻ አይባልም፤ መሥራቱ ግን ከመላኩ በፊት ተፈትሾ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ለቆራሌም ሆነ ለማዕከል ከመሰጠቱ በፊት ዲስኩ ይወጣል፣ ባትሪውም ይለያል። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ አይበሳም፣ አይጫንም፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም፤ በውስጡ ያለው ሊቲየም ሲጎዳ እሳት ስለሚያስነሳ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በአሸዋ በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል።