ልጃችሁ «ዩቲዩበር እሆናለሁ» ቢላችሁ

ወላጆች፣ ልጃችሁ «ዩቲዩበር እሆናለሁ» ቢላችሁ ቶሎ «ሥራ ፈት!» አትበሉት። አርሊንግተን ምግብ ቤቴ ውስጥ ወላጅና ልጅ በዚህ ነገር ሲኳረፉ ስንቴ አይቻለሁ። እኛ እኮ ለካሜራ እንግዳ አይደለንም፤ ኢቢኤስ ቴሌቪዥንን እ.ኤ.አ. በ2008 እዚሁ ጎረቤት ሲልቨር ስፕሪንግ የመሠረቱት የኛው ልጆች ናቸው።

ጥቁር አሜሪካዊው ማርከስ ብራውንሊ በ2009 ገና የሃይስኩል ተማሪ ሳለ ስለ ቴክኖሎጂ ቪዲዮ መሥራት ጀመረ። መቶኛውን ሲለቅ ሰብስክራይበሩ መቶ እንኳ አልሞላም ነበር። ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራል። ትምህርቱንም አላቋረጠም፤ በ2015 ከኮሌጅ ተመርቋል።

ሂሳቡን ግን ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገንዘብ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበር ይፈልጋል፤ በተጨማሪ በ12 ወር 4,000 ሰዓት መታየት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ። ከዚያ በኋላ ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው የሠሪው ነው። የዓመቱ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ ታክስ ማሳወቅ ግድ ነው።

ምግብ ቤትም ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትቆጥሩት ባዶ ወንበር ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማሙ፦ የትምህርት ውጤት ሳይወርድ፣ በሳምንት አንድ ቪዲዮ፣ ለአንድ ዓመት። የመጀመሪያው ተመልካች ደግሞ እናንተው ሁኑ።