የኤክስቴንሽን ገመድና የጅማ ዝናብ

በጅማ ዝናቡ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም። በከተማዋ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ሲተከል፣ ከቤት ወደ ድንኳኑ የሚዘረጋው የኤክስቴንሽን ገመድ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሣር ላይ ይተኛል። ደህና ገመድ ካልተላጠ ካፊያ አይጎዳውም፤ አደጋው ያለው ስፒናና ሶኬት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ውኃ እዚያ ከገባ 220 ቮልት ወደ መሬት፣ ወይም ገመዱን ወደሚያነሳው ሰው፣ መንገድ ያገኛል።

ብዙዎች መገናኛውን በፌስታል ጠቅልለው በናስትሮ ያስሩታል። ይህ አንዳንዴ ጭራሽ ይብሳል፤ ሾልኮ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣልና። የሚሻለው መገናኛውን ከመሬት አንስቶ ከጣራ ሥር መስቀል፣ ገመዱንም ከመገናኛው ዝቅ ብሎ እንዲረግብ ማድረግ ነው፤ ገመዱን ይዞ የሚወርደው ውኃ ከረገበው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።

እንደ ቡና መፈልፈያ ላለ ቋሚ ሥራ ግን ክዳን ያለው የውጭ ሶኬት ያስፈልጋል። «አይፒ 44» የሚል ምልክት ያለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይከላከላል፤ «አይፒ 67» እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ መግባትን ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል።

ተራ ብሬከር ሰውን በኤሌክትሪክ ከመያዝ አያድንም፤ የሚቆርጠው ጭነት ሲበዛ ወይም የገመዱ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲነካኩ ነው። 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነውና ሲገዙ ለይተው ይጠይቁ። የረጠበ መገናኛም ኃይሉ ከምንጩ ሳይጠፋ አይነካ።