ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ

ሁለት እህትማማች ድመቶች አሉ እንበል። ከአንድ እናት፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ተወልደው ሦስት ዓመት ሙሉ አንዷ የሌላዋን ጆሮ እየላሰች፣ በአንድ ሶፋ ላይ ተጠቅልለው አድገዋል። አንድ ቀን አንደኛዋ ጥርሷን ታማ ሐኪም ዘንድ ትወሰዳለች። ማታ ስትመለስ፣ ገና ከመያዣዋ ሳትወጣ፣ ሌላዋ ጀርባዋን አጉብጣ ፀጉሯን አቁማ «ኽኽኽ» ትልባታለች። የቤቱ ሰው ይስቃል። በማግስቱ ሳሎኑ ውስጥ ፀጉር ይበናል፤ አንዷ አልጋ ሥር ተወሽቃለች፣ ሌላዋ ኮሪደሩ መሀል ቆማ ትጠብቃታለች። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ሰው፣ ከደግነት የተነሳ፣ ከሁሉ የከፋውን ያደርጋል። ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ አፍንጫ ለአፍንጫ ያገናኛቸዋል፦ «በቃ፣ ታረቁ!»

አይፈረድበትም፤ ያደግንበት ነው። እኛ ዘንድ ጠብ ሽማግሌ ይገባበታል። ተጣዪዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ነገሩ ከሥሩ ይነሳል፣ በዳይ ይወቀሳል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ተሳስመው ይለያያሉ። ድመት ግን ለዚህ ሁሉ የሚሆን ነገር አልተሰጣትም። ውሻ ሲሸነፍ ጅራቱን ይሸጉጣል፣ በጀርባው ይንጋለላል፤ አሸናፊውም አይቶ ይተወዋል። ዝንጀሮ ከተቧቀሰ በኋላ ተመልሶ የባላጋራውን ፀጉር ሲፈትሽ ይታያል። ድመት በጠብ መሀል በጀርባዋ ከተንጋለለች ግን እጅ መስጠቷ ሳይሆን አራቱንም ጥፍሮቿን ማዘጋጀቷ ነው። «በቃኝ» የምትልበት ምልክት እምብዛም የላትም፤ «እንታረቅ» የምትልበትማ ከዚያም ያነሰ ነው። የምታውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፣ መራቅ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የሚራቅበት ቦታ የለም።

ይህ ጠባይ ከዘር የመጣ ነው። ካርሎስ ድሪስኮልና ባልደረቦቹ በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት የዘረመል ጥናት፣ የቤት ድመት የዘር ሐረግ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝ አሳይቷል። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከሰው ጎን የተቀበረች የ9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ድመትም ተገኝታለች። የዚያች የዱር ድመት ወገኖች ዛሬም በአፍሪካ፣ በአገራችንም ጭምር፣ ብቻቸውን እያደኑ ይኖራሉ። ብቻቸውን የሚያድኑበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አንዲት አይጥ ለሁለት አትበቃም። ተኩላ ትልቅ እንስሳ ለመጣል ጓደኛ ስለሚያስፈልገው ከጓደኛው ጋር የሚታረቅበትን ሥርዓት አበጀ፤ ድመት ግን እንዲህ ያለ ጓደኛ አላስፈለጋትም። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንል የለ? ተረቱ የተተረተው በሌብነቷ ላይ ቢሆንም፣ እኔ ከሌብነቷ ይልቅ ለብቸኝነቷ የሚስማማ ይመስለኛል።

ከዚህ ተነስቶ «ድመት ጓደኛ አትወድም» ማለት ግን ስህተት ነው። ምግብ በሞላበት ቦታ፣ የዓሣ ወደብም ይሁን የእርሻ ጎተራ፣ እናት ከሴት ልጆቿና ከእህቶቿ ጋር ተሰባስባ ትኖራለች፤ አንዷ የሌላዋን ልጆች ታጠባለች። ስለዚህ የድመት ፍቅር አለ። የሚገባው ጥያቄ «የእኔ ነሽ» የምትለው ማንን ነው የሚለው ነው፤ መልሱ ደግሞ ያለው አፍንጫዋ ላይ ነው።

ድመት ጉንጯን ከወንበር እግር፣ ከበር መቃን፣ ከእኛም ቅልጥም ጋር ስታሻሽ ሽታ እያስቀመጠች ነው። በጉንጯ፣ በግንባሯ፣ በጅራቷ ሥር ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። አብረው የሚኖሩ ድመቶች እርስ በርስ ሲተሻሹ የእያንዳንዳቸው ሽታ ይቀላቀልና አንድ የቤተሰብ ሽታ ይወጣዋል። መታወቂያቸው እሱ ነው። ወደ ሐኪም የሄደችው እህት መታወቂያዋ በመድኃኒት፣ በሌላ ሰው እጅና በሌሎች እንስሳት ፍርሃት ተፍቆ ተመለሰች። ቤት የቆየችው የምታየው የእህቷን መልክ ነው፤ የምታሸተው ግን እንግዳ ነው። በመልክና በሽታ መካከል መምረጥ ሲኖርባት ድመት ሽታን ታምናለች። ጠቡ ቂም የለበትም፤ ዘበኛ መታወቂያ የሌለውን ሰው ሲመልስ እንደማለት ነው።

ሌላው የጠብ መነሻ ከዚህ ይበልጥ ግራ ያጋባል። ድመቷ መስኮት ላይ ተቀምጣ ውጭ ታያለች። በግቢው አጥር ላይ የማታውቀው ወንድ ድመት ይንጎራደዳል። ጅራቷ ይገረፋል፣ ጉሮሮዋ ያጉረመርማል፤ መስተዋቱ ግን አያሳልፋትም። በዚያች ቅጽበት እህቷ ምንም ሳታውቅ በሥሯ ስታልፍ ቁጣው ሁሉ እሷ ላይ ይወርዳል። አለቃው የተቆጣው ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ እንደሚጮኸው ነው። ችግሩ የሚብሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ንዴቱ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት አይበርድም፣ ተመቺዋም ያንን ፊት አትረሳም። ባለቤቱ አጥሩ ላይ የነበረውን ድመት ስላላየ «ያለ ምንም ምክንያት ዐይንና ናጫ ሆኑ» ይላል። መድኃኒቱ አንዳንዴ የመስኮቱን ታችኛ ክፍል በወረቀት መሸፈን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ድምፅ የሌለው ጠብ ነው። አንዷ ኮሪደሩ ላይ ጋደም ብላለች፤ ለሰው ዐይን እየተዝናናች ነው። ነገር ግን ያለችው ወደ አሸዋ ሳጥኑ በሚወስደው ብቸኛ መንገድ ላይ ነው፣ ሌላዋንም ዐይኗን ሳታርገበግብ የጎሪጥ ታያታለች። ያቺ ትመለሳለች። ሁለቴ ሦስቴ ከተመለሰች በኋላ ሽንቷን የሰው አልጋ ላይ ትሸናለች፤ የቤቱ ሰው «ጠገበች» ብሎ ይቀጣታል። ያልጠገበችውን ብቻ ሳይሆን የተበደለችውን መቅጣት ነው። ነገሩ ከአንሶላ ማጠብም ያልፋል። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ቶኒ ባፊንግተን ለዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ የቤት ውስጥ ጭንቀት የድመትን የሽንት ፊኛ እንደሚያሳምም አሳይተዋል። ወንድ ድመት ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ለነገ ሳይባል ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፤ አለበለዚያ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ጨዋታንና ጠብን መለየትም አስቸጋሪ ነው። በ2023 የታተመ አንድ የስሎቫኪያ ተመራማሪዎች ጥናት የ105 ድመቶችን ቪዲዮ መርምሮ፣ ድርጊቶቻቸው ጨዋታ፣ ጠብና በሁለቱ መካከል ያለ የደበዘዘ ነገር ተብለው በሦስት እንደሚመደቡ አግኝቷል። ድምፅ ሳያሰሙ ተቃቅፈው መንከባለል ወደ ጨዋታ ያደላል፤ ጩኸትና ማሳደድ ወደ ጠብ። እኔ የምጨምረው ተራ መለዋወጥን ነው። በጨዋታ አሁን አሳዳጅ የነበረችው ከአፍታ በኋላ ተሳዳጅ ትሆናለች። ሁልጊዜ የምትሸሸው ያቺው አንዷ ከሆነች ጨዋታ አይደለም።

ጠቡ ከተነሳ በመሀል እጅ አይገባም። ትራስ፣ የካርቶን ክዳን ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ በመካከላቸው ማስገባት ይበቃል። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጀርሙን ከቆዳ በታች ወስዶ ይቀብረዋል፤ ላዩ ቶሎ ይድናል፣ ውስጡ ይመግላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በሚገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ በተለይ ድመቷ ካልተከተበችና ውጭ የምትወጣ ከሆነ፣ ይህ «ቆይ ነገ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ለድመቶቹም ንክሻው አደጋ አለው፤ በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተገኘው የድመቶችን የመከላከል ዐቅም የሚያዳክም ቫይረስ ዋና መተላለፊያው የጠብ ንክሻ ነው።

ብዙ ቤት «ተያቸው፣ ይዋጣላቸው» ይባላል። አይዋጣላቸውም። እያንዳንዱ ጠብ ለአሳዳጇ «ማሳደድ ይቻላል» የሚል ትምህርት ነው፣ ለተሳዳጇ ደግሞ «ይህ ቤት አይታመንም» የሚል። ውሃ መርጨትና መጮህም እንደዚያው፤ ድመቷ ከእህቷ ፊት ጋር ሌላ አስፈሪ ነገር አያይዛ ታስቀምጣለች።

አስቀድሞ ግን ሐኪም። ለዓመታት ሰላማዊ የነበረች ድመት በድንገት ተናካሽ ከሆነች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው፦ የበሰበሰ ጥርስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ዕድሜ በገፋች ድመት ላይ ደግሞ ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ። (ከቤት ውስጥ መድኃኒት በተለይ ፓራሲታሞልን ማንም እንዳይሞክረው፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሆነው ለድመት መርዝ ነው።) ያልተኮላሸ ወንድ በቤቱ ካለም የሚቀረው ምክር ሁሉ ግማሽ ነው። በ1973 የታተመ የቤንጃሚን ሃርትና የባልደረባቸው ጥናት፣ ካደጉ በኋላ የተኮላሹ አብዛኞቹ ወንድ ድመቶች ጠብን፣ መንከራተትንና ሽንት መርጨትን እንደቀነሱ አሳይቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁለቱን ጭራሽ እንደማይተዋወቁ ቆጥሮ እንደገና ማስተዋወቅ ነው። ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በተዘጋ በር ይለያያሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ምግብ፣ ውሃ፣ አሸዋና መደበቂያ ይደረጋል። መጀመሪያ ጥቂት ቀናት ምንም አይደረግም፤ ደማቸው ይብረድ። ቀጥሎ ሽታው ይጀመራል። በንጹሕ ካልሲ የአንደኛዋን ጉንጭ አሸት አሸት አድርጎ በሌላዋ ምግብ ሳህን አጠገብ ማስቀመጥ፣ የሌላዋንም እንዲሁ። ካልሲው ላይ «ኽኽ» ካለች ራቅ ይደረጋል፤ አሽትታ ወደ ምግቧ ከተመለሰች አንድ በር ተከፍቷል ማለት ነው። ክፍል ይለዋወጣሉ፤ አንዷ በሌላዋ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ ሳይተያዩ ሽታቸው ይቀላቀላል።

ከዚያ የምግቡ ሳህን በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ሁለቱም ተረጋግተው በሚበሉበት ርቀት፣ ከዚያ በየቀኑ በስንዝር ወደ በሩ። ደረቅ ምግብ ብቻ የለመደች ድመት እዚህ ላይ ዶሮ ወይም ዓሣ ቢጠብቃት ይሻላል፤ ጉቦ ነው፣ ግን የሚሠራ ጉቦ። በሩ ሥር ያለ ጭንቀት ከበሉ በሩ በጣት ስፋት ይከፈታል፣ ወይም የወንፊት ሽቦ ይደረግበታል። መጨረሻ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት ደቂቃ፣ እያንዳንዳቸው በገመድ ጫፍ ላይ ያለ ላባ እያሳደዱ። ገና ደስ ብሏቸው ሳለ መለያየት አለባቸው። መብላት ካቆመች፣ ዐይኗን ከተከለች፣ ጅራቷ መገረፍ ከጀመረ፣ ያለ ነቀፋ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ለአንዳንዶች ሳምንት ይበቃል፤ ለአንዳንዶች ወራት ይፈጃል።

ቤቱም ካልተለወጠ ግን ያው ነው። የተለመደው ስሌት የአሸዋው ሳጥን በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ይጨመርበት የሚል ነው፤ ለሁለት ሦስት። ሦስቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሰልፍ ከተደረደሩ ግን በድመት ዐይን አንድ ናቸው፤ አንዲት ዘበኛ ሦስቱንም ትይዛቸዋለች። ጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ የሚገኘው ወደ ላይ ነው። የቁም ሣጥን አናት፣ ባዶ መደርደሪያ፣ መውጫና መውረጃው ሁለት የሆነ ከፍታ። መንገድ ሲዘጉባት በላይ የምታልፍበት ያላት ድመት መጋጨት አያስፈልጋትም።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ፌሮሞንም ገበያ ላይ አለ። መነሻው ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ፓትሪክ ፓዣ በ1990ዎቹ የድመት ጉንጭ ሽታዎችን ለይቶ ማውጣቱ ነው። አንዳንድ ጥናት ይረዳል ይላል፣ አንዳንዱ ብዙም ልዩነት አላየም። ገንዘብ ለተረፈው ክፋት የለውም፤ እኔ ግን በዚያ ዋጋ አስቀድሜ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳጥን እገዛለሁ። በጣም ለተጨነቀች ድመት ሐኪም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድሮ አንድ ሶፋ ላይ ተጠቅልለው ይተኙ የነበሩት እህትማማቾች ላይመለሱ ይችላሉ። ጀርመናዊው ፓውል ላይሃውዘን ድመቶችን ሲከታተል፣ አንድ መንገድ የሚጋሩ ድመቶች በሰዓት ተከፋፍለው እንደሚሄዱበት አስተውሎ ነበር። በብዙ ቤት መጨረሻው ይኸው ነው። ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አንዷ ትጋደማለች። እኩለ ቀን ላይ ትነሳለች፣ ትንጠራራለች፣ ወደ መኝታ ቤት ትሄዳለች። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ ትመጣና የሞቀውን ቦታ አሽትታ እዚያው ላይ ትተኛለች።